ባሌ አፉን የፈታበት መንገድ

ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እያለቀስሽ ነው የገጠምሽው?» ይለኛል። አላለቀስኩም፤ ለብቻዬም አልገጠምኩትም። ያ ዘፈን የተፈጠረው ከመሐል ሜዳ ወደ ቀየት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ፍርድ ቤት ቆመን በተፋታንበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ተጠቅጥቆ በተጫነበት፣ ጣሪያው ላይ የታሰረ በግ በሚጮኽበት መኪና። የገጠምነውም ሁለታችን ነን፤ እኔና የቀድሞው ባሌ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። መንዝና ግሼ ላይ ይህ ሥራ በአብዛኛው በግ መከተብ ነው፤ በግ መከተብ ደግሞ መዞር ነው። የክትባቱን ሳጥን በትከሻዬ አንግቼ አንዴ ራቤል ዙሪያ፣ አንዴ ቀየት ዙሪያ እከርማለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሞ ድምፅ አላት እባላለሁ። በሰፈራችን ሠርግ ካለ ዘፈን የማወጣው እኔ ነኝ፤ ግጥም ሲያልቅብኝ እዚያው ቆሜ እፈጥራለሁ።

እሱንም ያገኘሁት ሠርግ ላይ ነው። ቀየት የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሚዜ ሆኖ መጥቶ። ሌሎቹ ሚዜዎች ሲዘሉና ሲጮኹ እሱ ጥግ ይዞ ያጨበጭባል። ያጨበጭባል ብቻ፤ አፉ አይከፈትም። ጭብጨባው ግን አንድም ጊዜ አልሳተም። ሳፈጥን ይፈጥናል፣ ሳዘገይ ያዘገያል፤ ዜማ ልቀይር ሳስብ እንኳን ቀድሞ የገባው ይመስለኝ ነበር። «ይኼ ሰው በደንብ ይሰማል» አልኩ በልቤ። ዝምታውን ጨዋነት ብዬ ወሰድኩት፤ ጨዋም ነበር። ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ የሚላከው ለመናገር ስለሆነ፣ የእሱ አለመናገር ያን ጊዜም አልታየኝም።

ተጋብተን ቀየት ቤት ከያዝን በኋላ ታየኝ።

አንድ ክረምት ከራቤል ስመለስ በረዶ ወርዶብኝ በስብሼ ቤት ገባሁ። ያን ቀን ደራሽ ወንዝ የአንዲት ሴትዮ በጎችን ሊወስድ ሲል፣ ከሴትዮዋ ጋር እስከ ወገባችን ውኃ ገብተን አንድ በአንድ እየጎተትን አውጥተናል። ልብሴን እንኳን ሳልቀይር፣ በር ላይ ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ሰማኝ። ከዚያ ተነሥቶ ከሰል አቀጣጠለልኝ፤ ደረቅ ልብስ አቀበለኝ፤ ሻይ ጣደልኝ። ቃል ግን የለም። ሌላዋ ብትሆን እንዲህ ያለ ባል አገኘሁ ብላ ትደሰት ይሆናል። እኔ የፈለግሁት ግን «ከዚያስ?» የሚለኝ ሰው ነበር። «ከዚያስ? በጎቹስ? ሴትዮዋስ ምን አለች?» የሚለኝ።

ስደሰት ዝም፣ ስቆጣ ዝም። ስቆጣማ መጥረቢያውን አንሥቶ ጓሮ እንጨት ይፈልጣል። ቤታችን እንጨት ቸግሮት አያውቅም። እኔ እየተናገርኩ እሱ እየፈለጠ፣ ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። ልጅም አልመጣልንም፤ ስለዚያም አላወራንም። በመጨረሻ የሁለታችንም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩ። ወደ እሱ ዞረው «አንተስ ልጃችን፣ ምን ትላለህ?» ሲሉት «እሷ ያለችው ልክ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ካልተከራከረ በምን ያስታርቁን?

ስለዚህ መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት ቆምን። ዳኛዋ ጠየቀችን፣ እኔ መለስኩ፣ እሱ «እስማማለሁ» አለ። ከትዳራችን ሁሉ ጥርት ብሎ የሰማሁት ቃሉ እሱ ነበር። አለቀ።

ከግቢው ስንወጣ እኔ በዚህ፣ እሱ በዚያ ሄድን። መናኸሪያ ስደርስ ግን እዚያው ቆሞ አገኘሁት። እሱ ወደ ቤቱ ነው፤ እኔም የቀረ ዕቃዬን ለመሰብሰብ ቀየት አክስቴ ቤት ልሰነብት ነው። የገበያ ቀን ስለነበር መኪና የለም። አንዲት ሚኒባስ ብቻ ልትወጣ ታጓራለች፤ ረዳቱ በሩን ይዞ «ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው» ይላል። ሁለቱ ሰው እኛ ሆንን። የቀረው ቦታ ከመጨረሻው ወንበር ፊት ባለው ላይ፣ ጎን ለጎን። ሳንተያይ ገባን፣ ሳንተያይ ተቀመጥን። ጉልበቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ እሱም ወደ መተላለፊያው።

ከኋላችን ያሉት ሴቶች በማግስቱ ቀየት ላለ ሠርግ የሚሄዱ ናቸው። ከበሮ ይዘዋል፣ ሳቃቸው መኪናውን ሞልቶታል። ሹፌሩ የከፈተው ሙዚቃ ከተማውን እንደወጣን ተንጫርሮ ዝም አለ፤ ፍላሹን ቢነቅል ቢሰካ እንቢ አለው። ያኔ ከሴቶቹ አንዷ፣ ጠና ያለች ሴት፣ ትከሻዬን መታ አደረገችኝና «አንቺ የሠርጓ ዘፋኝ አይደለሽም እንዴ? እስቲ አንድ በይልን» አለችኝ።

«ዛሬ አልችልም እትዬ» አልኳት።

«ድምፅሽ ታሟል?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ምን ሆነሽ ነው?»

ምን ልበላት? አሁን ተፋትቼ መምጣቴ ነው፣ የፈታሁትም ይኸው አጠገቤ ነው ልበላት? ከበሮው ቀስ ብሎ መመታት ጀመረ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እልህ ይሁን ድካም አላውቅም፣ ደረቴ ውስጥ የታመቀው ነገር ቀዳዳ አገኘ፤ በመስኮቱ የታጨደውን የገብስ ማሳ እያየሁ ድምፄን ለቀቅኩት።

ገብሱም ደረሰልን፣ ታጭዶ ተወቃ፣
ያንተ አፍ ብቻ ቀረ ከእንቅልፉ ያልነቃ።

መኪናው በሳቅ ፈነዳ። ሴቶቹ «እሰይ» አሉ፣ እልልታ ከኋላ ተነሣ። ማንን እንደምል የሚያውቅ የለም። እኔም ለእሱ አልኩት እንጂ ይመልሳል ብዬ አይደለም፤ ለግድግዳ እንደ መናገር ነው። ከበሮው ቀጥሏል፣ ሁለተኛውን ግጥም እያሰብኩ ትንፋሽ ስስብ፣ ከግራ ጎኔ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ፣ ምቱን ግን ልክ እንደ ጭብጨባው የማይስት ድምፅ።

በዓይኔ ስነግርሽ በጎችሽን ቆጥረሽ፣
ዝም አለኝ ትያለሽ አገር ለአገር ዞረሽ።

ዞሬ አየሁት። ጆሮው ቀልቷል፣ ዓይኑን ፊት ለፊት ተክሏል፣ ጉሮሮው ግን ይንቀሳቀሳል። እሱ ነው። የእኔ ዝምተኛ ነው። መኪናው ውስጥ ለአፍታ ከበሮውም ቆመ። ከዚያ ጠና ያለችው ሴት ጉዳዩ በራላት፤ «እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው» አለች ለሁሉም። ረዳቱ በሩን እንደያዘ ዞረና «ነበሩ በይ እናቴ፣ ከፍርድ ቤት ሲወጡ አይቻቸዋለሁ» አላት።

ጩኸቱን እንዴት ልንገራችሁ። ከኋላ ያለው ወደ ፊት ተንጠራራ፣ ከፊት ያለው ወደ ኋላ ዞረ። ጋቢና የተቀመጠች የነርስነት ተማሪ ስልኳን አውጥታ ወደ እኛ አዞረች። አንድ ሽማግሌ «ልጄ መልሽለት እንጂ፣ አትረቺ» አሉኝ። እኔ ግን የተናደድኩ ሳይሆን በጉጉት የተቃጠልኩ ነበርኩ፤ ስንት ዘመን ያንኳኳሁት በር በገበያ መኪና ላይ ተከፍቶልኛል። ዝም ይላል ብዬ ፈርቼ ቶሎ ወረወርኩለት።

ውርጩስ ቢሆን ጠዋት ፀሐይ ያቀልጠዋል፣
ያንተን ዝምታ ግን ምኑ ያሟሟዋል።

ትንፋሽ እንኳን ሳይወስድ መለሰ።

ሁለት ተናጋሪ በአንድ ቤት ቢቀመጥ፣
ማን ይተርፍ ነበረ ቁጭ ብሎ ሊያዳምጥ።

ሹፌሩ በሳቅ መንዳት አቅቶት መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ። ሴቶቹ ወንበሩን ይደበድባሉ፣ ሽማግሌው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እኔም ሳቅኩ። በተፋታሁበት ቀን፣ ከፈታሁት ሰው ጎን ተቀምጬ፣ በእኔው ላይ በተገጠመ ግጥም፣ እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሱም ፈገግ አለ፤ ወደ መተላለፊያው እያየ። ከዚያ ነው አዝማች የሆነችው ግጥም ሳላስባት የወጣችው።

ስንት ዘመን ለምኜው እንቢ ያለኝ ጌታ፣
ዛሬ አፉን ፈታልኝ ትዳሬ ሲፈታ።

መኪናው በሙሉ ተቀበለኝ። ቀየት እስክንደርስ እኔ አንድ እሱ አንድ እየወረወርን፣ ሰዉ አዝማቹን እየተቀበለ፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ክትባቱ ሳጥን፣ ስለ ሁሉም ተባባልን። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ያልተነጋገርነውን በዚያች መንገድ ተነጋገርን። ስንወርድ ሻንጣዬን ከጣሪያ አውርዶ እስከ አክስቴ በር ድረስ ተሸከመልኝ። እዚያ አስቀመጠውና «ደህና ሁኚ» አለኝ፤ ሄደ። ተመልሶ ዝምተኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቃል። የተማሪዋ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ዘለለ። መሐል ሜዳ ገበያ ስገባ ሽንኩርት ሻጮቹ «አፉን ፈታ?» ብለው ይጠይቁኛል። ቢሮ ስገባ ባልደረቦቼ ጠረጴዛ እየደበደቡ ይቀበሉኛል። ራቤል አካባቢ በግ ስከትብ፣ አንዱ ገበሬ በጉን በቀንዱ ይዞልኝ ሳለ «ያንተን ዝምታ ግን ምኑ ያሟሟዋል» ብሎ ሲያንጎራጉር መርፌውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የማን እንደሆነ አያውቅም። «እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩት። «ሁሉም ሴት እንደዚያ ነው የምትለው» ብሎ ሳቀብኝ፤ አላመነኝም።

እናቴ ደወለችልኝ። «ገመናሽን በመኪና ላይ? ምን ነካሽ?» ብላ ረጅም ተቆጣች፤ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን «ያቺን የውርጯን ወድጃታለሁ» አለችኝ።

አባቱ በመጡ ጊዜ ነው በእውነት የደነገጥኩት። ገበሬ ናቸው፣ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከመንደራቸው በእግራቸው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ልጄን በአደባባይ ሰደብሽው ሊሉኝ ነው ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። ወንበር ሰጠኋቸው። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ስልክሽ ላይ አለ ይላሉ» አሉ።

«ምኑ አባባ?»

«የልጄ ድምፅ።»

ከፈትኩላቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። እኔ ስዘፍን ዝም ብለው አዳመጡ፤ እሱ ሲጀምር ዓይናቸው ሰፋ።

«ይኼ እሱ ነው?»

«እሱ ነው አባባ።»

«እናቱ ስትሞት እንኳን ቃል አልወጣውም። ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም» አሉ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ስከፍትላቸው እግራቸው መሬቱን መምታት ጀመረ። ሲነሡ «ላስታርቃችሁ ነበር የመጣሁት። አሁን ግን ታረቁ ልበላችሁ ወይስ ዝፈኑ ልበላችሁ፣ ጠፋኝ» አሉኝ። ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ አቀናባሪ ደወለልኝ። ቪዲዮውን አይቷል፤ ዘፈኑን በሥርዓት ልንቀዳው ይፈልጋል፤ ግን ሁለታችሁም ካልመጣችሁ አይሆንም አለ። ስለዚህ የቀድሞ ባሌን ማነጋገር ግድ ሆነብኝ። ስልክ ላይ እንደማይናገር ስለማውቅ ቀየት ትምህርት ቤት ድረስ ሄድኩ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ጠብቄ ክፍሉ ገባሁ። ሰሌዳውን እያጸዳ ነበር። ነገርኩት። ማጽዳቱን ቀጠለ፤ አሁን ደግሞ ዝም ሊለኝ ነው ብዬ ስናደድ ድንገት ጀርባውን እንደሰጠኝ ተናገረ።

«መኪናው ላይ አልገጠምኩትም።»

«ምኑን?»

«ያልኩሽን ሁሉ። ቀድሞ የነበረ ነው። አንቺ ስትናገሪ እኔ በሆዴ ስመልስልሽ ነበር። በግጥም።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። «ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። እንጨት ስፈልጥ ነው የሚመጣልኝ። ምቱ ስላለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሚስቱ ስትቆጣ ግጥም የሚመልስ ባል አለ? ትስቂብኝ ነበር።»

እውነት ነበር፤ እስቅ ነበር። ብስቅ ኖሮ ደግሞ ምናልባት አንፋታም ነበር። ይህንን ልለው አፌ ላይ ደረሰና ተውኩት። ይልቁንስ በጣም ጓጉቼ «የበረዶውስ ቀን? በጎቹን ከወንዝ ያወጣሁ ቀን ምን ብለህ ነበር?» አልኩት።

የሰሌዳ ማጽጃውን አስቀመጠ። በሹክሹክታ አለልኝ። ያቺን ግጥም ለማንም አልናገርም፤ ዘፈኑም ውስጥ የለችም። ሰምቼ ስወጣ ግን የትምህርት ቤቱን ግቢ በሩጫ ነው ያለፍኩት፤ ለምን እንደምሮጥ ለራሴም አልገባኝም።

አዲስ አበባ ሄድን። ስቱዲዮው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፤ ዘፋኙ መስታወት ባለው ትንሽ ክፍል ለብቻው ገብቶ ነው የሚዘፍነው። እኔ ገብቼ ድርሻዬን ጨረስኩ። እሱ ገባ፤ ማዳመጫውን በጆሮው አደረጉለት፤ ሙዚቃው ተለቀቀ። ምንም። እንደገና ተለቀቀ። ማይኩን ያየዋል፣ ማይኩ ያየዋል። አቀናባሪው «ዘና በል ወንድሜ» ይለዋል፤ እሱ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ቃል የለም። ቀኑ ወደ ማምሻው ሲጠጋ አቀናባሪው ወደ እኔ ዞሮ «የእሱን ክፍል ሌላ ዘፋኝ ይግባበት» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት። «ወንበር አለህ?»

ትንሿ ክፍል ውስጥ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አስቀመጥን፤ መኪናው ላይ እንደነበረው አጣብቀን። ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቅኩለት። አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ትከሻዬን አስነካሁት፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየሁ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረግሁና አዲስ ግጥም ለቀቅኩበት።

ሸገር ድረስ መጥቶ፣ ማይኩም ቀርቦለት፣
ቃሉን ትቶት መጣ ቀየት ቆልፎበት።

ትከሻው ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።

በር ቆልፎ መሄድ ያንቺ ነው ልማዱ፣
ቁልፉም ካንቺ ጋር ነው በግሼ መንገዱ።

አቀናባሪው ከመስታወቱ ማዶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ አየሁት። ማሽኑ ይቀዳ ነበር። ከዚያማ ማን ያቁመን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ተወጣነው፤ እነዚያን ሁለት አዲስ ግጥሞችም አቀናባሪው ከዘፈኑ አላወጣቸውም፤ ዛሬ የምትሰሙት የጠረጴዛ ምትም የእኔ ጣት ነው።

ዘፈኑ እንደወጣ የሆነውን ማመን አቃተኝ። ደብረ ብርሃን ካፌ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ፀጉር ቤት፣ በየሚኒባሱ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሠርግ ላይ መግባቱ ነው። የፍቺ ዘፈን ሙሽሮች ይጨፍሩበታል። ሚዜዎቹ የእሱን ይዘፍናሉ፣ የሙሽሪት ጓደኞች የእኔን ይመልሳሉ።

ሰው ሁሉ ተመለሱ አለን። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። እኔም አስቤበት ነበር፤ አልዋሽም። ስንዘፍን ያለው ደስታ እንደዚያ ከሆነ፣ ቤታችንም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እሱም አስቦበት ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገኘኝና ትንሽ አብረን ሄድን።

«እንመለስ ወይ?» አለኝ። በስድ ንባብ፣ ያለ ዜማ። ምን ያህል እንደጨነቀው ከግንባሩ ላብ ይታያል።

«እስቲ እንሞክረው» አልኩት። «እስከ ቤትህ በር ድረስ እያወራን እንሂድ። ዝም ብሎ ወሬ። ዛሬ ምን አደረግህ?»

ሄድን። አሰበ። ጉሮሮውን ጠረገ። ገበያውን አለፍን፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍን፣ እሱ ያስባል። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመና ወደ እኔ አየ፤ ፊቱ ላይ እፍረትም ሳቅም ነበር።

«ዜማ ከሌለው አይወጣልኝም» አለ።

«ገብቶኛል» አልኩት። ገብቶኝም ነበር። ያን ቀን ሁለታችንም ያለ ቅያሜ ተለያየን፤ ከፍርድ ቤቱ ቀን ይልቅ በእውነት የተፋታነው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ልቤም ቀለለኝ። ሽማግሌዎቹን ራሴው አመስግኜ አሰናበትኳቸው። እሱ ዛሬም ያስተምራል፣ እኔም እከትባለሁ። ሠርግ ሲጠሩን ግን አብረን እንሄዳለን፤ መንገዱን ሙሉ እሱ ዝም ይላል፣ እኔ አወራለሁ፤ አሁን በሆዱ እንደሚመልስልኝ ስለማውቅ አይከፋኝም። አንዳንዴ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼ «ምን አልክ?» እለዋለሁ። «ማታ ትሰሚዋለሽ» ይለኛል።

ባለፈው ጥር የጠሩን መርሐቤቴ ነበር። ከመንዝ ብርድ ወደዚያ ሙቀት ወርደን ገና ውኃ ሳንጠጣ፣ የሙሽሪት አባት ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ያዙን። ቁመተ ረጅም፣ የተከበሩ ሰው ናቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉን። «ልጄ ናት የጠራቻችሁ እንጂ እኔ አላወቅሁም። በልጄ ሠርግ ላይ የፍቺ ዘፈን አይዘፈንም።»

«እርስዎ ካሉ እንመለሳለን» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ሰውየው ልክ ናቸው።

ሙሽሪት ግን ሰምታ ቬሏን ሰብስባ መጣች። «አባዬ» አለች፣ «እኔ የጠራኋቸው ስለተፋቱ አይደለም። ስለሚመላለሱ ነው። እኛ ቤት አንተ ስትናገር እማዬ መልሳልህ ታውቃለች?»

አባትየው ዞር ብለው ሚስታቸውን ፈለጉ። እናትየው ትሪ ይዘው ቆመዋል፤ ፈገግ እንዳሉ አየሁ። ከዚያ አባትየው ከበሩ ዞር አሉልን።

የዚያን ቀን የዘፈንነውን ያህል ዘፍነን አናውቅም። ድንኳኑ ሊወድቅ ደረሰ። እሱ ሙሽሮቹ ፊት ቆሞ፣ ያን አፉን ሞልቶ፣ በመንገድ ሲያጠናው የመጣውን ለቀቀው።

አውሩ ልጆች አውሩ በጎጇችሁ ገና፣
እኛስ ያወራነው በሕዝብ መኪና።

ሰዉ አበደ። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት ከሴቶቹ በኩል ሌላ ድምፅ ቀደመኝ፤ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። የሙሽሪት እናት ናቸው። ትሪውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ባላቸውን ፊት ለፊት እያዩ የራሳቸውን ግጥም ጀመሩ። ምን እንዳሉ በጩኸቱ አልሰማሁትም፤ ባልየው ግን ሰምተውታል፤ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጭነው እስከ ወገባቸው ጎንበስ ብለው ሲስቁ አየኋቸው። ከበሮው ሳይቆም ወደ መሐል ገቡና ለመልስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ስንወጣ አባትየው እስከ መኪናው ድረስ ሸኙን። በላብ ርሰው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ እጃችንን አልለቅ አሉ።

«ታናሿም ለሚቀጥለው ዓመት ታጭታለች» አሉን። «ቀኑን ከአሁኑ ያዙልኝ።»